አንድ በርሜል ናፍጣ፣ ሁለት ሲኖ አፈር፦ አቃቂ ላይ ያጸዳነው ግቢ

ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። የአጎቴ ግቢ አቃቂ በኩል ከከተማው ጫፍ ነው ያለው። ከአጥሩ ማዶ እትዬ የምንላቸው ጎረቤት አሉ። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አላቸው። ውሃው ለልብስ ነው፣ ለጓሮ ጎመን ነው፣ ቧንቧ ሲጠፋ ደግሞ ለሁሉም ነገር ነው። ሐምሌ ላይ መጥተው «ውሃዬ ላምባ ላምባ ይላል» አሉ። አጎቴ አላመነም። ባልዲውን አምጥተው ፊቱ አስቀመጡት። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ተንሳፏል።

እኔ ውሎዬ ላብራቶሪ ስለሆነ ተጠራሁ። መጀመሪያ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው፤ ስንጥር አንስቼ ያን ቀለም ነካ አደረግኩት። ረግረግ ቦታ ላይ ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎችም እንደዚህ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። የእነሱ ከሆነ ሲነኩት እንደ መስታወት ይሰባበራል። ነዳጅ ከሆነ ግን ተከፍሎ መልሶ ይገጥማል። የእኛው መልሶ ገጠመ።

እትዬ «አፍልቼው ብጠጣስ?» ብለው ጠየቁኝ። አይሆንም። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ነዳጅን ግን አይገድልም፤ ቢበዛ ሽታውን ወደ ማድቤት ያወጣዋል። ነዳጅ ውስጥ ቤንዝን የሚባል ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል አለ። ስሙ መኪና ከሚቀዳው ቤንዚን ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም፣ ቤንዝን በውስጡ ካሉት ነገሮች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በአፍንጫ የሚለካ ነገር አይደለም። ስለዚህ በዚያው ቀን ጉድጓዱ ተከደነ፣ አጎቴም ከራሱ ሮቶ ውሃ በጎማ ሳበላቸው።

አሁን ወደ ምንጩ። አገራችን ከተማ ከከተማ የሚያገናኝ የነዳጅ ቧንቧ የላትም። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራ ካቆመ ወዲህ የምንነዳበት ሁሉ ተጣርቶ ከውጭ ይገዛል፣ አብዛኛውም ከጅቡቲ በቦቴ ይመጣል። አጭር አጭር የነዳጅ ቧንቧ ግን ነዳጅ በሚቀዳበት ግቢ ሁሉ ተቀብሯል፤ ከቦቴ ማራገፊያው እስከ መሬት ውስጥ ታንከሩ፣ ከታንከሩ እስከ መቅጃው። የአጎቴ ግቢ ድሮ የአንድ የትራንስፖርት ድርጅት የጭነት መኪና ማቆሚያ ነበር። ድርጅቱ ሲለቅ ታንከሩን ነቅሎ ለብረት ሸጠው። ቧንቧው ግን እዚያው ቀረ። ማን ያየዋል? አፈር ከላይ፣ ገረጋንቲ ከላዩ።

ያወቁት የድሮው ዘበኛ ብቻ ነበሩ። አባባ እንላቸዋለን። ሠፈር ውስጥ ፈልገን አገኘናቸውና በምርኩዛቸው እየጠቆሙ መስመሩን አሳዩን። «ቦቴው እዚህ ይቆማል፣ ጎማው እዚህ ይሰካል፣ እዚህች ጋ ደግሞ ሣር በቅሎ አያውቅም» አሉ። ያ የመጨረሻው ነገር ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ጠቀመን። ሣር የማይበቅልበት ቦታ የቧንቧው ክርን ነበር፤ ብየዳው የተበላው እዚያ ነው።

በዶማ ትንንሽ የሙከራ ጉድጓዶች ቆፈርን። የቆፈርነውን ሁሉ ላብራቶሪ መላክ ውድ ነው፣ እኔ የምሠራበትም ይህን ምርመራ አይሠራም። ስለዚህ ለመለየት ያህል የማርማላታ ጠርሙስ ተጠቀምን፦ ግማሽ እፍኝ አፈር፣ በላዩ ውሃ፣ ክዳኑን ገጥሞ መነቅነቅና ማስቀመጥ። ዘይት ካለበት ላዩ ላይ ይወጣል። የቸገረን ነገር ነበር፤ ቧንቧው ሥር የተቆፈረው አፈር አንዳንዱ ንጹሕ ሆኖ አራት ሜትር ራቅ ያለው ደግሞ ናፍጣ ሆኖ ይገኛል።

ምክንያቱ ዋልካ ነው። አቃቂን የሚያውቅ ይህን አፈር ያውቀዋል። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ አብጦ ጥርሱን ይገጥማል። ናፍጣ የሚፈሰው አፈሩን ሰንጥቆ ሳይሆን በስንጥቁ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ የፈሰሰው ጠብታ ስንጥቁን ተከትሎ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይሄዳል፣ ሐምሌ ሲመጣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይልና ተንሳፋፊውን ናፍጣ ይዞት ይወጣል። እትዬ ሽታውን ክረምት ላይ ያገኙት ለዚህ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከታች ተኝቶ የነበረው ወደ ባልዲያቸው የደረሰው ውሃው ሲያነሳው ነው።

ቁፋሮውን ለጥር አቆየነው። በክረምት ዋልካ መቆፈር ጭቃ ማቡካት ነው፣ ከዚያም ብሶ ዝናቡ የተቆፈረውን ወደ ጎረቤት ያጥበዋል። ቧንቧውን ለማውጣት ስንመጣ ብየዳ የሚሠራው ልጅ ግራይንደር ይዞ መጣ። አስቆምኩት። ብዙ ሰው ባዶ ቧንቧና ባዶ ታንከር አይፈራም፣ የሚፈነዳው ግን እሱ ነው፤ የሚቃጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር የተቀላቀለው ትነት ስለሆነ፣ ባዶ የሚመስል ታንከር ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው። መጀመሪያ የቀረውን በርሜል ውስጥ አንጠባጠብን፣ በውሃ ሞልተን አጠብን፣ መጋጠሚያዎቹን በቁልፍ ፈታን። ያጠብንበትን ውሃም በበርሜል ያዝነው። ግራይንደር አልተነካም።

ከዚያ ኤስካቫተር ለግማሽ ቀን ተከራየን። ጥቁርና የሚሸት ሆኖ የወጣው አፈር 20 ሜትር ኩብ ያህል ሆነ፤ በሠፈር አቆጣጠር ሁለት ሲኖ ገደማ። ጉድጓዱ ግርጌ ውሃ ቋጠረ፣ ላዩ ላይ ናፍጣ ተንሳፈፈ። እሱንም በጆግ እየቀዳን በርሜል ሞላን።

ትልቁ ክርክር የመጣው እዚህ ላይ ነው። የሲኖው ሾፌር ዋጋውን ነገረንና «ጣጣ የለውም፣ ወንዝ ዳር እደፋዋለሁ» አለ። አጎቴ ዓይኑ በራ። እውነቱን ለመናገር ማንም ሰው ዓይኑ ይበራል፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ምልልስ፣ ግቢው ንጹሕ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ተጨቃጨቅኩ። ወንዝ ዳር ማለት የት ነው? ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባሉ። በመንገዳቸው ላይ ገበሬው በዚያ ውሃ ሰላጣና ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ያጠጣል። ያ አትክልት ተመልሶ ወደ እኛ ገበያ ይመጣል። አቃቂ ደግሞ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጡ ጥልቅ ጉድጓዶች ያሉበት ምድር ነው። አፈሩን ከግቢያችን ማንሳት ማጽዳት አይደለም፣ አድራሻውን መቀየር ነው።

አጎቴ «እሺ ምን ይሁን ታዲያ?» አለ። «እዚሁ እናክመዋለን» አልኩት።

ናፍጣ የሚበላ ባክቴሪያ ከየትም አይገዛም። አፈሩ ውስጥ አለ። በተለይ ነዳጅ ለዓመታት የኖረበት አፈር ውስጥ ተራብቶ ይገኛል። የሚጎድለው ሦስት ነገር ነው፤ አየር፣ እርጥበትና ማዳበሪያ። ናፍጣ በአብዛኛው ካርቦን ነው፣ ባክቴሪያው ደግሞ ካርቦን ብቻ በልቶ ሰውነት አይሠራም፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ምጣኔ ለ100 ካርቦን 10 ናይትሮጅንና 1 ፎስፈረስ ነው።

ሂሳቡን በወረቀት ሠራነው። ላብራቶሪ የላክነው ናሙና በአንድ ኪሎ አፈር 8 ግራም ገደማ ነዳጅ አለበት ብሎ መጣ። 20 ሜትር ኩብ ዋልካ ወደ 24 ቶን ይመዝናል። ስለዚህ በጠቅላላው 190 ኪሎ ያህል ናፍጣ ነው። አጎቴ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። 190 ኪሎ ናፍጣ ከአንድ በርሜል ብዙም አይበልጥም። ያን ሁሉ አፈር ያበላሸው፣ የእትዬን ጉድጓድ ያስከደነው አንድ በርሜል ናፍጣ ነው። በቀን ጠብ፣ ጠብ ሲል ማንም ያላስተዋለው።

ከ190 ኪሎው 160 ያህሉ ካርቦን ነው። እንግዲህ 16 ኪሎ ናይትሮጅንና 1.6 ኪሎ ፎስፈረስ ያስፈልጋል። ገበሬው የሚያውቃቸው ሁለቱ ማዳበሪያዎች ይበቃሉ፤ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ኤንፒኤስ ደግሞ 19 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ፎስፈረስም አለው። 30 ኪሎ ዩሪያና 10 ኪሎ ኤንፒኤስ፣ አለቀ። ዋጋው ከሲኖው ኪራይ አይበልጥም ነበር። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሁሉንም በአንዴ አትጨምሩ። ማዳበሪያ ጨው ነው፣ ሲበዛ ባክቴሪያውን ያቃጥላል። በሦስት ዙር ከፋፈልነው።

አልጋውን የሠራነው ግቢው ከፍ ያለበት ጥግ ላይ ነው። መጀመሪያ ወፍራም ላስቲክ ተነጠፈ፣ ዙሪያውን በአፈር ግድብ ተከበበ፣ አፈሩ በላዩ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዘረጋ። ከዚያ በላይ ከወፈረ አየር ወደ ታች አይደርስም። ይህ ለሁለት ሲኖ አፈር 70 ካሬ ያህል ቦታ ይበላል። ግቢ የሌለው ሰው ይህን አይችልም፣ እሱም እውነት ነው።

ዋልካ ሲቆፈር እንደ ድንጋይ ይጓለላል። ጓሉ ውስጥ ያለው ናፍጣ አየርም ባክቴሪያም አያገኘውም። ስለዚህ በዶማ ጀርባ ማድቀቅ ነበረብን። ሁለት የቀን ሠራተኞች ከእኛ ጋር ሦስት ቀን ፈጁ። ጓንትና ቦቲ ጫማ ገዛንላቸው፣ በነፋሱ አቅጣጫ ጀርባቸውን ሰጥተው እንዲሠሩ አደረግን፣ ምሳ ከመብላታቸው በፊት በሳሙና ይታጠባሉ። ይህን የምጽፈው በየግንባታው ቦታ ልጆች በባዶ እጃቸው ናፍጣ የነካው አፈር ሲዝቁ ስለማይ ነው። ናፍጣ በቆዳ ይገባል። ለሰው ልጅ ጓንት መግዛት የሚያከስር ነገር አይደለም።

ከአፈሩ ጋር የጤፍ ጭድና ያደረ የከብት እበት ደባለቅን። ጭዱ አፈሩን ከፈት ያደርገዋል፣ እበቱም ማዳበሪያም ባክቴሪያም ይዞ ይመጣል። ከዚያ ውሃ በመርጫ። እርጥበቱ ልክ የሚሆነው አፈሩን ጨምቀው ሲይዙት የሚጋገር፣ ግን ውሃ የማይንጠባጠብ ሲሆን ነው። በየሳምንቱ መገልበጥ። ማታ ማታ በላስቲክ መሸፈን፣ ምክንያቱም የጥር ሌሊት እዚያ ይቆረጥማል፣ ባክቴሪያ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ሥራ ያቀዘቅዛል።

የካቲት ላይ አበላሸን። የአጎቴ ልጅ ውሃ ማጠጣቱን ጎመን እንደማጠጣት ቆጥሮ አልጋውን አጥለቀለቀው። እኔም ሁለት ሳምንት ሳልሄድ ቀርቼ ነበር፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ስመለስ የተበላሸ እንቁላል ሸተተኝ። ያ ሽታ አየር ጠፍቷል ማለት ነው፤ ናፍጣ የሚበሉት አየር ፈላጊዎቹ ታፍነው ሌሎቹ ተተክተዋል። ውሃ አቆምን፣ ተጨማሪ ጭድ ጨመርን፣ ለአሥር ቀን በየሁለት ቀኑ ገለበጥነው። ሽታው ሄደ። አንድ ወር ግን ተበላብን።

ናፍጣው ሁሉ በባክቴሪያ ተበላ አልልም። ቀላሉ ክፍል በገለበጥን ቁጥር በትነት ይሄዳል። ለዚህ ነው ጎረቤት ልብስ በሚያሰጣበትና ልጆች በሚጫወቱበት ሰዓት የማንገለብጠው። ናፍጣ ስለነበር ዕድለኞች ነን። ቤንዚን ቢሆን ትነቱም ይብሳል፣ የቆየ ቤንዚን ከሆነ ደግሞ እርሳስ አለበት። በአፍሪካ እርሳስ ያለው ቤንዚን በብዛት የቀረው 2006 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የፈሰሰ ካለ እርሳሱ ዛሬም እዚያው ነው፣ ባክቴሪያ እርሳስ አይበላም። አባባ «ቤንዚን አልነበረም፣ ናፍጣ ብቻ» ብለው ቢነግሩንም እርሳስ አስመርምረናል። ንጹሕ ሆኖ መጣ።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ሁለተኛ ናሙና ላክን። ከ8 ግራም ወደ 1 ግራም ገደማ ወርዷል። ቁጥሩ ብቻ ስላላጽናናን የገብስ ዘር ሞከርን፤ በአንድ ጣሳ የታከመውን አፈር፣ በሌላው ከአጥር ዳር ያለውን ንጹሕ ዋልካ፣ በሁለቱም ሃያ ሃያ ፍሬ። መጋቢት ላይ ይህንኑ ሞክረን የታከመው ውስጥ ከበቀለው የሚበዛው ቢጫ ሆኖ ቆሞ ቀርቶ ነበር። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጣሳዎች ጎን ለጎን አረንጓዴ ሆኑ። አጎቴ ጣሳዎቹን ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወጣ ያሳይ ነበር።

የቀረው ከቁፋሮው በታች ያለው ነው። ሁሉንም አላወጣነውም፣ ማውጣትም አይቻልም፤ ከአጥሩ ሥር ገብቷል፣ የጎረቤት ቤት መሠረት አለ። እዚህ ላይ አእምሮዬን ያሳረፈኝ አሜሪካ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ነሐሴ 1979 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ውስጥ ቤሚጂ የምትባል ከተማ አጠገብ ትልቅ የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ፈነዳና 1.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ፈሰሰ። በፓምፕ፣ በማቃጠልና አፈር በማንሳት ሦስት አራተኛውን አወጡት። የቀረው 400 ሺህ ሊትር ገደማ መሬት ውስጥ ቀረ። የአገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ከ1983 ጀምሮ ቦታውን መስክ አድርጎ ያጠናዋል። ያገኙት ነገር፣ ከመሬት በታች ያሉት ባክቴሪያዎች የተበከለውን ውሃ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ከ200 ሜትር ገደማ አላሳለፉትም። እየሄደ ያለውን ያህል እየበሉት ነው። በኋላ ሌላ ፓምፕ አድርገው ተጨማሪ ዘይት ሲያወጡም ለውጡ ትንሽ ነበር።

ይህን ስሰማ ሁለት ነገር ተረዳሁ። ምንጩ ከተነሳ መሬቱ ራሱ ሥራ ይሠራል፣ ጥሩ ነው። ግን በአንድና በሁለት ዓመት አይደለም፣ በትውልድ ልክ ነው። ከዚያ ደግሞ የእነሱ መሬት አሸዋና ጠጠር ነው፣ የእኛ ዋልካ ነው፤ ቁጥራቸውን ወስዶ እዚህ መለጠፍ አይቻልም። ስለዚህ እትዬን «ባክቴሪያው ይበላዋል፣ ክፈቱት» አላልኳቸውም።

ስለ ወጪው ልናገር። በሕግ ይህን ማጽዳት የነበረበት ያፈሰሰው ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ድርጅቱ ግን የለም፣ የሚጠየቅ ሰው አላገኘንም፣ ቦታው በእጃችን ሲገባ ከተሰጠን ወረቀት አንዱም ስለ ቧንቧው አይናገርም። አጎቴ ከኪሱ ከፈለ። በዚህ ዛሬም እናደዳለሁ። አቃቂ፣ ቃሊቲ፣ ገላን በኩል ድሮ ጋራዥ፣ ማደያ ወይም የመኪና ማቆሚያ የነበረ ቦታ የሚይዝ ሰው ካርታና ግብር ከማየቱ በፊት አንድ ቀን መድቦ የሠፈሩን ሽማግሌ ይጠይቅ። ታንከር ነበረ ወይ? የት? ማን ነቀለው? ቧንቧውስ? ጥር ላይ ሄዶም መሬቱን ይይ፣ ሁሉም ቦታ ሣር ሲኖር አንድ ቦታ ራሰ በራ ከሆነ እዚያ ይቆፍር።

በበርሜል የያዝነው የናፍጣ ውሃ ለጊዜው ራስ ምታት ሆኖብን ነበር። ናፍጣው ከላይ ሲጠል ለይተን የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ሰው ሰጠነው፣ ከሥር የቀረውን ውሃ ደግሞ ጥቂት ጥቂት እያደረግን አልጋው ላይ ረጨነው። ወደ ቦይ አንድ ጆግ አልተደፋም።

የታከመው አፈር ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ አልገባም። መኪና የሚገባበት መንገድ ሥር ገባ፣ ከላዩ ገረጋንቲ ተደለደለ። ጎመን የሚተከልበት ጥግ ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር ተሞላ። 1 ግራም ለመንገድ ምንም አይደለም፣ ለሚበላ ነገር ግን እኔ አልፈርምም።

እትዬ ጉድጓዳቸው አሁንም ተከድኗል። በየሦስት ወሩ አንድ ጠርሙስ ውሃ እቀዳለሁ። መስከረም ላይ የቀዳሁት አይሸትም፣ ላዩም ጥርት ያለ ነው፣ የላብራቶሪው ውጤት ግን ገና አልደረሰም። ትናንት ደውለው «ልብስ እንኳ ልጠብበት?» አሉኝ። «ወረቀቱ ይምጣና፣ እትዬ» አልኳቸው። የአጎቴ ጎማ በአጥሩ ቀዳዳ አልፎ እስከ ደጃቸው እንደተዘረጋ ነው።